730 ላይ ጉብታ አየሁ፤ ሙዮን የሚያውቅ ሰው ይመልከትልኝ

ታይዋን_ጠጋኝ ፥ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም ጀማዓ። ስቃችሁ ስትጨርሱ መልሱልኝ።

ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ፊዚክስ ከተመረቅኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ዲግሪው እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል፣ እኔ ካውያ ይዤ ተቀምጫለሁ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰው አላሠራ ሲል ሰፈሩ በርጫ ላይ ነው። እኔ ላፕቶፕ እከፍታለሁ። ሰው ሱስ አያጣም።

ሰርን፣ ጄኔቫ አጠገብ ፕሮቶን የሚያጋጨው ትልቁ ቤተ ሙከራ፣ ዳታውን በነፃ ለሕዝብ እንደሚለቅ ታውቃላችሁ አይደል? ከ2014 ጀምሮ ለዚሁ የተከፈተ ድረ ገጽ አላቸው። (ከዚህ በኋላም የምጽፈው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።) እኔ ያወረድኩት ሲኤምኤስ የሚባለው መሣሪያ በ2012 የሰበሰበውን ነው፤ ሙዮኖቹን ብቻ (ሙዮን የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ የሆነ ቅንጣት ነው) ለቅመው ያስቀመጡትን። 61 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ክስተት (አንድ ክስተት አንድ የተመዘገበ ግጭት ነው)፣ 2 ጊጋ ባይት ገደማ። በሌሊት ፓኬጅ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ።

ከዚያ በፓይተን ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሁለት ፕሮቶን ሲጋጩ አንዳንዴ ሁለት ሙዮን ይወጣል፣ አንዱ ፖዘቲቭ አንዱ ኔጋቲቭ። የሁለቱን ጉልበትና አቅጣጫ ይዘህ፣ ከአንድ እናት ተወልደው ከሆነ የእናትየው ክብደት ስንት እንደነበር ታሰላለህ። ሁለቱም 45 ጂኢቪ ይዘው ጀርባና ጀርባ ሆነው ከሮጡ እናትየው 90 ጂኢቪ ናት። ጂኢቪ ማለት ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ አንድ ፕሮቶን አንድ ጂኢቪ አካባቢ ይመዝናል። ይህን ለሁሉም ጥንድ ሠርተህ በየክብደቱ ትደረድራለህ።

ግራፉ መጀመሪያ የወጣ ቀን፣ ወላሂ፣ ጸጉሬ ቆመ። 3.1 ላይ ጄ ፕሳይ። 9.5 ላይ ዩፕሲሎን ከነእህቶቿ። 91 ላይ ዜድ ተገትራለች። አራት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ያየኋቸው ቅንጣቶች ናቸው። ቻርጅ ሶኬት ስቀይር በምውልበት ጠረጴዛ ላይ መጡልኝ።

ከዚያ ስግብግብነት ያዘኝ። ከ200 እስከ 1400 ጂኢቪ ያለውን በ20 በ20 ከፍዬ 60 ሳጥን አደረግኩት። መስመሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከ720 እስከ 740 ያለው ሳጥን ግን እምቢ አለ። ግራና ቀኙን አይቼ የጠበቅኩት 9 ያህል ነው። 20 አለበት። አሰላሁት፤ በአጋጣሚ እንዲህ የሚሆነው ከ950 አንዴ ገደማ ነው። 3 ሲግማ ማለት ነው (ሲግማው በጨመረ ቁጥር አጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ያንሳል)።

አዲስ ቅንጣት አገኘሁ አልልም። ግን ሁለት ቀን እንቅልፍ የለኝም። ምን ላድርግ?

ፈጢራ_በእንቁላል ፥ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡32

አቦ ኖቤሉን ስትወስድ እንዳትረሳን። እስከዚያው ስክሪን ቀይርልኝ ብዬ የተውኩት ስልክ ሁለት ሳምንት ሆነው። እሱስ ስንት ሲግማ ነው?

ቲቸር_ሳቢያን ፥ ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡05

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እጅህ ይባረክ። ዜድን በራሱ ላፕቶፕ ያየ ሰው ድሬ ውስጥ ስንት አለ? እኔ ፊዚክስ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው፣ አላየኋትም። ነገ ተማሪዎቼን አፍራለሁ።

አሁን ወደ 730ህ። ከ950 አንዴ ያልከው ስሌት ልክ ነው። ጥያቄው ግን ልክ አይደለም። ከከዚራ እስከ ሳቢያን በሚያልፉት ባጃጆች መሀል አንዱ ታርጋው ከልደት ቀንህ ጋር ቢገጥም ትገረማለህ። ግን ቤትህ ሳለህ "ዛሬ ያ ታርጋ ያጋጥመኛል" ብለህ ነበር? አላልክም። ሁሉንም እያየህ ሄደህ የገጠመውን አነሳህ።

አንተም 60 ሳጥን ከፍተሃል። 720 ላይ ተዓምር አለ ብለህ ቀድመህ አልጻፍክም። 310 ላይ ቢሆንም፣ 1060 ላይ ቢሆንም ይህችኑ ጽሑፍ ትለጥፍልን ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ "ከ60ው አንዱ እንዲህ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው" የሚለው ነው። እኔ ስመታው ከ16 አንድ መጣልኝ። ከ16 አንድ በየሳምንቱ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ለዚህ ነው እነሱ 5 ሲግማ ካልሞላ "አገኘን" የማይሉት። 5 ሲግማ ማለት በአጋጣሚ ከሆነ ከ3.5 ሚሊዮን አንዴ ነው። ሰው "ምን ያካብዳሉ" ይላል። ስንት ሺህ ሳጥን እንደሚከፍቱ ስታውቅ ግን አታማርርም።

ታይዋን_ጠጋኝ ፥ ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡21

ቲቸር፣ ከ16 አንድ ስትለኝ ትንሽ ወረድኩ። ግን ከ16 አንድም ቢሆን ዜሮ አይደለም እኮ። 20 እና 9! ከእጥፍ በላይ ነው።

ፈጢራ፣ ስልክህ ተሠርቷል፤ ገንዘብ ይዘህ ና።

አባባ_ሐዲድ ፥ ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡58

ልጆቼ፣ ጫወታችሁ ደስ ብሎኝ ገባሁ። እኔ የባቡር ሰው ነኝ፤ ወርክሾፕ ውስጥ 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፊዚክስ አልተማርኩም። አንድ ነገር ግን እንደገባኝ ልንገራችሁ፣ ካጠፋሁ አርሙኝ።

ወንዛችን ደቻቱ ሲመጣ እኛ ዝናቡን አናየውም። ዝናቡ ደንገጎ ተራራ ላይ ነው የሚጥለው፣ ከተማው ውስጥ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ። ሲነጋ አሸዋው ላይ ወርደን የምናየው ያመጣውን ነው። ግንድ፣ ድንጋይ፣ የሰው ቆርቆሮ። ያ ክፉ ሌሊት፣ በእኛ 1998 ዓ.ም. ያለቁትን ነፍስ ይማር፣ ድንጋዩን አይቼ ነው ላይ ቤት ምን እንደወረደ የገባኝ። ትንሽ ውኃ ያን ድንጋይ አያንከባልልም።

እናንተም ከባዷን ቅንጣት አታይዋትም፤ ያመጣችውን ሁለት ሙዮን ታያላችሁ። እንዲህ ነው?

የጁገል_ልጅ ፥ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20

አባባ፣ እንደዚያ ነው፣ አላጠፉም። ዜድ ራሷ ከተወለደች ወዲያው ስለምትሰባበር ማንም መሣሪያ ላይ ደርሳ አታውቅም። የምናየው ያመጣችውን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እኛ የመጣውን ብቻ ሳይሆን የጎደለውንም እንቆጥራለን። ብይ ስንጫወት ከክቡ መሀል ሁሉም ወደ ግራ ቢፈናጠር፣ ወደ ቀኝ የሄደ ያላየነው አንድ ብይ አለ ማለት ነው። ጨለማ ቁስን፣ ስበቱ እንጂ ራሱ የማይታየውን፣ እዚያ የምንፈልገውም በዚህ መንገድ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ያደግኩት ሐረር ነው፣ አሁን ጀርመን የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፣ ሥራዬም ከባድ ቅንጣት ፍለጋ ነው። ታይዋን፣ የአንተን ጽሑፍ ባቡር ውስጥ ሆኜ አንብቤ መውረጃዬን አሳለፍኩ።

ሦስት ነገር ልጠይቅህ።

የሳጥኑ ጎረቤቶች ስንት ስንት ናቸው? ይህን የምልህ ሙዮን የሚለካው በመጠምዘዙ ስለሆነ ነው። ሲኤምኤስ ውስጥ 3.8 ቴስላ ማግኔት አለ፣ ሙዮኑ እዚያ ውስጥ ሲያልፍ ይታጠፋል። ጉልበቱ ትንሽ ከሆነ በደንብ ይታጠፋል፣ በደንብ ትለካዋለህ። 350 ጂኢቪ የያዘ ሙዮን ግን ቀጥ ያለ መስመር ማለት ይቻላል። ያችን በጣም ትንሽ ጉብጠት ስትለካ ትሳሳታለህ። በ730 አካባቢ ስህተቱ ብቻውን 15፣ 20 ጂኢቪ ይሆናል። ስለዚህ እውነተኛ ቅንጣት ቢኖር ኖሮ አንድ ሳጥን ውስጥ አርፎ አይቀመጥም፤ ወደ ጎረቤቶቹ ይፈሳል።

ሁለተኛ፣ ዳታውን መሀል ላይ ቆርጠህ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ግማሽ ለየብቻ አይተሃል?

ሦስተኛ፣ በሁለቱ ግማሾች ውስጥ ስንት ዜድ አለ? ይህችን አትዝለላት።

እስክትመልስ ድረስ 730 ስትል ያስታወስከኝን ላውጋችሁ። በዲሴምበር 15፣ 2015 አትላስና ሲኤምኤስ በአንድ ቀን ውጤታቸውን አቀረቡ። ሁለቱም ሁለት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) የሚወጣበትን ሲያዩ 750 ጂኢቪ አካባቢ ጉብታ አላቸው። ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ለየብቻ የሚሠራ ቡድን፣ አንድ ቦታ! አትላስ ያንን ሳጥን ብቻ ካየህ ወደ 3.9 ሲግማ ነበረው፤ ቲቸር እንዳለው ሌሎቹን ሳጥኖች ስትቆጥር ወደ 2 ይወርዳል። ዓለም ግን አልጠበቀም። በጥቂት ወራት ውስጥ የቲዎሪ ሰዎች 500 የሚሆን ጽሑፍ ጻፉበት። በኦገስት 2016 ቺካጎ ላይ ብዙ እጥፍ ዳታ ይዘው መጡ። ጉብታው የለም። ጠፋ አልልም፤ መጀመሪያም አልነበረም።

ቲቸር_ሳቢያን ፥ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡02

እህቴ እንኳን መጣሽልን። የፊዚክስ ሊቁን የሊዮን ሌደርማንንም ታሪክ ጨምሪበት እንጂ። በ1976 አሜሪካ፣ ፌርሚላብ ውስጥ የሱ ቡድን 6 ጂኢቪ ላይ ቅንጣት አየን ብሎ "ዩፕሲሎን" የሚል ስም አወጣላት። ዳታ ሲጨመር ሟሟች። ጓደኞቹም በስሙ ቀልደው "ኡፕስ ሊዮን"፣ "ውይ ሊዮን" እንደማለት፣ አሏት። በዓመቱ እውነተኛዋን 9.5 ላይ አገኛትና ያንኑ ስም ሰጣት።

ታይዋን፣ ግራፍህ ላይ 9.5 ላይ "ከነእህቶቿ" ያልካት እሷ ናት። ሰውዬው በ1976 ቢያፍር ኖሮ ስሟ ሌላ ይሆን ነበር።

አባባ_ሐዲድ ፥ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ልጄ የጁገል፣ ትምህርትሽን ያስጨርስሽ። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ከጉዳዩ ወጣ ይላል። ያ ማሽን 27 ኪሎ ሜትር ክብ ነው ይላሉ። ብረት ነው። ብረት ደግሞ ይሳባል ይሰበሰባል። የእኛ ሐዲድ በድሬ ፀሐይ እንዳይጎብጥ በየመጋጠሚያው ክፍተት እንተውለት ነበር። በጠዋት ጣት የሚያስገባው ክፍተት ከሰዓት ይዘጋል። እነሱ ይህን እንዴት አደረጉት?

የጁገል_ልጅ ፥ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

አባባ፣ ይህን ጥያቄ ስብሰባ ላይ የጠየቀኝ ሰው የለም!

የእነሱ ችግር የእርስዎ ተቃራኒ ነው። እናንተን ሙቀት ያስጨንቃችኋል፣ እነሱን ብርድ። ማግኔቶቹ የሚሠሩት በፈሳሽ ሂሊየም ቀዝቅዘው ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ላይ ነው፤ ኤሌክትሪክ ያለ ምንም መቃወም የሚያልፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ፕሮቶኖቹን የሚያጎብጡት ትልልቆቹ ማግኔቶች 1232 ናቸው፣ እያንዳንዱ 15 ሜትር ገደማ። ከክፍል ሙቀት እዚያ ድረስ ሲቀዘቅዝ አንዱ ማግኔት ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያጥራል። ሁሉንም ደምረው 27 ኪሎ ሜትሩ ወደ 80 ሜትር ይሰበሰባል ማለት ነው። ስለዚህ በማግኔትና በማግኔት መሀል እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍና የሚዘረጋ ቧንቧ አለ። የእርስዎ ክፍተት ይኸው ነው።

መጋጠሚያ ካነሱ ደግሞ ታሪክ አለው። ማሽኑ በሴፕቴምበር 10፣ 2008 ተነሳ፣ ዓለም ሁሉ አየ። በዘጠነኛው ቀን ሁለት ማግኔት የሚያገናኝ አንድ የኤሌክትሪክ መጋጠሚያ ተቃጠለ። በደንብ ያልያዘ ብየዳ ነበር። መቃወሙ ከኦህም ቢሊዮንኛ ጥቂት መቶ ብቻ ነው፤ ግን በውስጡ የሚያልፈው ወደ 9 ሺህ አምፔር ነበር። ነዶ ብልጭ አለ፣ የሂሊየሙን ዕቃ በሳው። ወደ 6 ቶን ሂሊየም አመለጠ፣ ግፊቱ ማግኔቶቹን ከመሠረታቸው ነቀላቸው። 53 ማግኔት ከመሬት በታች ወጥቶ ተጠገነ ወይ ተቀየረ። ማሽኑ ከዓመት በላይ ቆመ።

ታይዋን_ጠጋኝ ፥ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡55

አንድ ብየዳ!!! ይህን አትሜ ሱቄ በር ላይ እሰቅላለሁ። ደንበኛ "ለአንዲት ነጥብ ብየዳ ይህን ያህል ታስከፍለኛለህ?" ሲለኝ ጣቴን ወደዚያ ነው።

አባባ_ሐዲድ ፥ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ከዚያ በኋላ ሌሎቹን መጋጠሚያዎች ፈተሹ? አንድ መጥፎ ብየዳ ብቻውን አይሆንም። የበየደው ሰው ያን ቀን ሌላም በይዷል።

የጁገል_ልጅ ፥ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

አባባ፣ እርስዎን መቅጠር ነበረባቸው። ፈተሹ፣ ሌሎችም የሚያሰጉ ተገኙ። ለዚህ ነው ማሽኑ ለ14 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት (አንድ ቴራ 1000 ጂኢቪ ነው) ተሠርቶ በ2010 እና በ2011 በ7፣ በ2012 በ8 ብቻ የሠራው። ሙሉ አቅም ቢሰጡት መጋጠሚያዎቹ ያሰጋሉ። በ2013 እና በ2014 አቁመው ከ10 ሺህ በላይ መጋጠሚያ አጠናከሩ። በ2015 ወደ 13 ወጣ፣ ከ2022 ጀምሮ 13.6 ላይ ነው።

ታይዋን፣ አንተ ያወረድከው የ8ቱን ዘመን ዳታ ነው። ከባድ ቅንጣት ለመውለድ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጉልበቱን የገደበው ብየዳ ነበር። ደግሞ የፋይልህ ስም ውስጥ "ፓርክድ" የሚል አለ አይደል? በ2012 ሲኤምኤስ ወዲያው ሊያቀናብረው ከሚችለው በላይ ዳታ ቀድቶ እንደ ባጃጅ ዳር አቁሞት ነበር። ያቀናበረው ማሽኑ ለጥገና ሲቆም ነው።

የጠየቅኩህንስ?

ፈጢራ_በእንቁላል ፥ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ቀልዱን ትቼ ልጠይቅ፣ እንዳትቆጡኝ። ሂግስ የምትባለዋን ቅንጣት በጁላይ 2012 አገኙ፣ እሺ፣ አጨበጨብን። ከዚያ ወዲህስ? ይኸው ዓመቱ ነጎደ። ያን ሁሉ ገንዘብ ከመሬት በታች ቀብረው "የለም፣ የለም፣ የለም" የሚል ጽሑፍ ነው የሚያወጡት። አሁን ደግሞ 91 ኪሎ ሜትር ሌላ እንቆፍር ይላሉ አሉ። እኛ ሰፈር ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ ያጣ ሰው ሌላ ቦታ ከመቆፈሩ በፊት ያስባል።

አንድ ሰው ደግሞ "ኢንተርኔትን ሰርን ነው የፈጠረው" ብሎ እንዳይመጣብኝ።

ቲቸር_ሳቢያን ፥ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡24

ኢንተርኔትን ሳይሆን ድረ ገጽን ነው፤ ቲም በርነርስ ሊ በ1989 ሰርን ውስጥ ሆኖ ነው ያሰበው። ግን እውነትህን ነው፣ ያ መልስ አይደለም። ድረ ገጽ ፍለጋ አልነበረም ማሽን የሠሩት። ተማሪ ሲጠይቀኝም በዚያ አልመልስም።

ጊዜውን ግን አትቸኩልበት። ሂግስ በወረቀት የተጻፈው በ1964 ነው። 48 ዓመት ተፈለገ። ቶፕ ኳርክ (ኳርክ እነ ፕሮቶን የሚሠሩበት ቅንጣት ነው) አምስተኛው ኳርክ ከታወቀ በኋላ 18 ዓመት ቆይቶ በ1995 ነው የተገኘው፤ ሁሉም ከገመተው በላይ ከባድ ሆኖ፣ 173 ጂኢቪ። አንዲት ቅንጣት፣ የወርቅ አቶም ልትሆን ምንም አልቀራት። ስንቱ ማሽን ሲፈልጋት ተሠርቶ አረጀ።

የጁገል_ልጅ ፥ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡12

ፈጢራ ያለው አይናደድበትም። እኔ ራሴ ሌሊት ሌሊት የምጠይቀው ነው።

ሐቁን ልንገርህ። ለሂግስ ካርታ ነበር። ሂሳቡ "እዚህ አካባቢ ሂግስ ካልተገኘ ሌላ አዲስ ነገር መገኘት ግድ ነው" ይል ነበር። ባዶ እጅ መመለስ አይቻልም ነበር። ከሂግስ በኋላ ያለው ግን ካርታ የለውም። ብዙ ሰው ሱፐርሲሜትሪ የሚባለው ቲዎሪ አዳዲስ ቅንጣቶች ማሽኑ እንደተነሳ እንደሚያፈስልን ያምን ነበር። አላፈሰሰም። ከነዚያ አንዷ፣ ግሉዊኖ የምትባለዋ፣ ከ2 ቴራ በላይ ካልሆነች በስተቀር በቀላሉ በምትታይበት መንገድ የለችም። ዕድሜያቸውን ለዚያ የሰጡ ፕሮፌሰሮች አውቃለሁ፤ ሻይ ላይ ስታገኛቸው ዝም ይላሉ።

ግን "የለም" የምትለዋ ቃል ቁጥር አላት። ከዜድ ጋር የምትመሳሰል ከባድ እህት፣ ዜድ ፕራይም የምንላት፣ አሁን አንተ በያዝከው በ2012 ዳታ ተፈልጋ እስከ 2.9 ቴራ ድረስ የለችም ተባለ። በ13 ቴራው ዳታ እስከ 5 ቴራ አካባቢ። ስለዚህ ታይዋን፣ ይቅርታ፣ ያንተ 730 ደጃፍ ብዙ ሰው አልፎበታል። እንደዚያ ያለች ዜድ ፕራይም እዚያ ብትኖር 20 ሳይሆን በብዙ መቶ ትመጣልህ ነበር።

የጉድጓዱን ምሳሌ ደግሞ ልመልስልህ። ውኃ ያጣው ሰው 100 ሜትር ድረስ ደረቅ መሆኑን ካልጻፈው ልጁ ያንኑ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሁለተኛ የ91 ኪሎ ሜትሩን እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ገንዘቡ ከባድ ነው። መጀመሪያ ያለውን ማሽን አሻሽለው ብዙ እጥፍ ግጭት የሚሰጠውን፣ በ2030 ገደማ የሚነሳውን፣ እንይ እላለሁ። ይህን ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ አልናገርም።

ደግሞ ፍትሕ እናድርግ። ምንም አልተገኘም አይባልም። ከ70 በላይ አዳዲስ ሀድሮን፣ ማለት ከኳርኮች የተሠራ ቅንጣት፣ ተገኝቷል። ግን የታወቁት ኳርኮች በአዲስ አቀማመጥ ናቸው። ያው ዱቄት፣ ሌላ ዳቦ።

ፈጢራ_በእንቁላል ፥ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ያው ዱቄት ሌላ ዳቦ ያልሽው ገባኝ። ፈጢራ ሲሆን ግን ልዩነት አለው፣ እንቁላሉን አትርሺ።

ታይዋን_ጠጋኝ ፥ ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 7፡50

አልተኛሁም። እሺ፣ ውርደቴን ላንብብላችሁ።

የጁገል፣ እንዳልሽው ጎረቤቶቹን አየሁ። ከ700 እስከ 720 ያለው 10። ከ740 እስከ 760 ያለው 8። ሁለቱም የጠበቅኩትን ያህል ናቸው። ምንም አልፈሰሰም። መሀል ላይ አንድ ሳጥን ብቻዋን ቆማለች። እዚያ ላይ ሆዴ ትንሽ ፈራ።

ከዚያ ዳታውን መሀል ላይ ቆረጥኩት። እያንዳንዱን ጥንድ ስጽፍ ጎኑ ላይ የክስተቱን ተራ ቁጥር እጽፍ ነበር፣ ተመስገን። ከ20ው መጀመሪያ ግማሽ ውስጥ ያሉት 18። ሁለተኛው ግማሽ ውስጥ 2!

"በቃ ቅንጣቷ በጋ ላይ ብቻ ነው የምትወለደው" ልል ስል ሦስተኛው ጥያቄሽ ትዝ አለኝ። ዜድን ቆጠርኩ። መጀመሪያው ግማሽ ውስጥ ያሉት ዜዶች የሁለተኛው እጥፍ ናቸው። ዜድ ደግሞ እንዲህ አታደርግም። ዜድ እንደ ባቡር ሰዓት ናት።

ፋይሉን ከፍቼ ከላይ ወደ ታች ስወርድ አየሁት። ተራ ቁጥር 11,204 ላይ ያለው ጥንድ፣ ክብደቱ እስከ ስድስተኛው አስርዮሽ ድረስ፣ ታች ወርዶ ደግሞ አለ። ቀጣዩም። ቀጣዩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሐሙስ ፕሮግራሙ እየሠራ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ አምስት ደቂቃ አይቆይም። መብራት ሲመጣ እንደገና አስነሳሁት። ፕሮግራሜ ደግሞ ውጤቱን የድሮው ፋይል ላይ እየቀጠለ ነው የሚጽፈው፤ ሰርዞ አይጀምርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ግማሽ ሁለት ጊዜ ተጻፈ። እኔም ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት።

ድርብርቡን አስወገድኩ። 18ቱ 9 ሆኑ። ሲደመር 11። የሚጠበቀውም ከ9 ወደ 6 ወረደ። 6 ጠብቀህ 11 ማግኘት ከ23 አንዴ የሚሆን ነው። 60 ሳጥን ካለህ ደግሞ እንዲህ ያለ ሁለት ሦስት ሳጥን ሊኖርህ ይገባል ማለት ነው። ቆጠርኳቸው። ሦስት አሉ።

ደህና ሁኚ 730።

አባባ_ሐዲድ ፥ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡30

አይዞህ ልጄ። እኛም አንድ ፉርጎ ሁለት ጊዜ ቆጥረን ስንት ጆንያ ጨው ጎደለ ብለን ሰው አስረን ነበር። ሰውዬው ከተፈታ በኋላ ሰላም ሳይለኝ ሞተ።

የጁገል_ልጅ ፥ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡45

ታይዋን፣ አትፈር። ክስተት ሁለት ጊዜ መቁጠር በእኛም ቤት ያለ ነገር ነው። አንድ ግጭት በሁለት መንገድ ተመርጦ ሁለት ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ሲቀላቀሉ ካልተጠነቀቅህ ሁለቴ ይቆጠራል። ስለዚህ ድርብርብ የሚያጠፋ ፕሮግራም መጀመሪያ ከምንጽፋቸው ነው። እኔም የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ የሙዮኖቹን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ገልብጬ አንብቤ ለአንድ ሳምንት ዜድ የለችም ብዬ አልቅሻለሁ።

አንድ ልማድ ግን ላስተምርህ። እኛ ቅንጣት የምንጠብቅበትን ሳጥን እስከ መጨረሻው አንከፍትም። ተዘግቶ ይቀመጣል። ፕሮግራሙን፣ ምርጫውን፣ ስሌቱን ሁሉ ሌላ ቦታ ላይ ሞክረን፣ ዜድን ቆጥረን፣ ሰው ሁሉ ከፈረመ በኋላ ነው የምንከፍተው። ከዚያ በኋላ መነካካት ነውር ነው። ለምን መሰለህ? ጉብታ ስታይ ደስ ይልሃል፣ ስህተት መፈለግ ታቆማለህ። ጉብታ ባታይ ኖሮ ያንን ፋይል ማን ይመረምረዋል? የእኛን ቡድን ሳጥን የከፈትን ቀን 14 ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። አንዱ ቁልፉን ተጫነ። ነጥቦቹ መስመሩ ላይ ተደርድረው መጡ። አንድ ሰው አስነጠሰ፣ ሌላው ቡና ሊቀዳ ወጣ። ሦስት ዓመት የሠራሁበት ነበር።

ታይዋን_ጠጋኝ ፥ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10

እህቴ፣ ሦስት ዓመት? እኔ ለሁለት ቀን እንቅልፍ ነው ያለቀስኩት። እንዴት ቻልሽው?

የጁገል_ልጅ ፥ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡26

ቡናውን ሊቀዳ የወጣው ሰው ለእኔም አመጣልኝ። የፈረንጅ ቡና ነው፣ አትጠይቀኝ። ከሰዓት በኋላ የሚቀጥለውን ዳታ ጀመርን።

ቲቸር_ሳቢያን ፥ ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

ወንድሜ ታይዋን፣ ዛሬ ክፍል ገብቼ ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ዜድ ግን አለች አይደል? እሷ ሁለቴ ብትቆጠርም አለች" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ላፕቶፕህን ይዘህ ብትመጣ? ፕሮጀክተር አለን፣ አንድ ጥጉ ይጠቁራል እንጂ ይሠራል። 91ን ያሳያል።

ታይዋን_ጠጋኝ ፥ ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡05

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከ9 ሰዓት በኋላ እመጣለሁ። ባትሪው አምስት ደቂቃ ነው፣ እዚያ መብራት አለ?

ፈጢራ_በእንቁላል ፥ ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡11

የኔ ሰፈር ነው፣ ጄኔሬተር አመጣለሁ። ስልኬን ይዘህልኝ ና።